ጥቁር እንጨት፦ ስለ አንድ የደን ዛፍ የተጻፈውን በሐኪም ዓይን ማንበብ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የዞን ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ሳገለግል ያጋጠሙኝ አንድ ሕመምተኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ የሚሆን እኚህ አባት ሽንታቸው ከተዘጋ አንድ ሙሉ ሌሊት አልፎ ልጃቸው ደግፏቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ካቴተር ሲገባላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ። ፋታ ካገኙ በኋላ «አባባ፣ የሚወስዱት ክኒን አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የለም ልጄ፣ ክኒን የሚባል ቀምሼ አላውቅም» አሉኝ። እኔም በካርዳቸው ላይ «መድኃኒት አይወስዱም» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ልጃቸው ከኪሱ የተጠቀለለ ላስቲክ አውጥቶ አሳየኝ። በውስጡ የነበረው ጥቁር፣ ስንጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ቅርፊት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጧት ጧት እየተፈላ ይጠጡት ኖሯል። «ጥቁር እንጨት ነው ዶክተር፤ ለሽንት ፍቱን ነው ብለውን ነው፤ ደግሞም አሽሏቸው ነበር» አለኝ። በጣት በተደረገላቸው ምርመራ የፕሮስቴት ዕጢያቸው ጠጣርና ጎርባጣ ሆኖ ተገኘ። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተልከው የተወሰደላቸው ናሙና ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ በሽታውም ወደ አጥንት ተሠራጭቶ ነበር።

ቅርፊቱ ካንሰሩን አላመጣውም። ልጁ «አሽሏቸው ነበር» ያለውንም ለማስተባበል ምክንያት የለኝም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ዓመታት የበላው እፎይታ ከየት እንደመጣ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው ስለዚህ ዛፍ ምን ማወቅ ይገባው እንደነበርና የማወቂያው ጽሑፍ የት እንዳለ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የሚከተለው የዚያ ንባብ ሂስ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዛፉ ጥቂት ልበል። ጥቁር እንጨት በሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ይባላል። ከካሜሩን ተራሮች እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካና ማዳጋስካር በሚገኙ የከፍተኛ ቦታ ደኖች ይበቅላል። በእኛ አገር በከፋና በኢሉባቦር፣ በባሌ የሐረና ደን፣ እንዲሁም በደቡብ ጎንደር አድባራት ቅጥር ውስጥ በቀሩ ደኖች ይገኛል፤ በኦሮምኛ ሆሚ ይሉታል። እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ለሳይንስ የተመዘገበው ጉስታቭ ማን የተባለ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1861 ከካሜሩን ተራራ በሰበሰበው ናሙና ሲሆን፣ ፒጂየም አፍሪካነም የሚል ስም ተሰጥቶት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ፕሩነስ ወገን ተዛወረ። በመድኃኒት ቤቶች ዛሬም የሚጠራው በቀድሞ ስሙ ነው። ከኮክና ከፕሪም ጋር አንድ ወገን ስለሆነ ቅጠሉ በእጅ ሲፈተግ የኮክ ፍሬ ተሰብሮ ውስጡ ሲሸተት ያለውን ሽታ ይሰጣል። ይህ ሽታ ሳያናይድ ሊለቅ የሚችለው አሚግዳሊን መኖሩን ያመለክታል፤ ቅጠሉን የበሉ ከብቶች ሊመረዙ ይችላሉ። ኮሶም የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ፣ የጽጌረዳ ቤተሰብ፣ አባል መሆኑን ስረዳ ተገርሜያለሁ።

እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ነው። በካሜሩን የመጥረቢያና የዶማ እጀታ፣ በደቡብ አፍሪካ የሠረገላ አካል፣ በእኛ ዘንድ ጣውላ፣ የቤት ማገርና ከሰል ሆኗል። ንቦችም ይቀስሙታል።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ዓይነት ዝርዝር ነው። የዛፉ ስም፣ የአካባቢ ስም፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ክፍል፣ የሚታከመው በሽታ እየተባለ በሰንጠረዥ የሚቀርበው ማለቴ ነው። ከዚህ ወገን ከሁሉ የማከብረው የአዘነ በቀለ ተሰማ ለኢትዮጵያ ስለሚጠቅሙ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሞ በ2007 ተስፋፍቶ ወጥቷል። መጽሐፉ የተጻፈው ለደንና ለግብርና ሠራተኛ ነው። በየቋንቋው ያሉትን የዛፍ ስሞች በመሰብሰብ ረገድ ያደረገው አገልግሎት ተተኪ የለውም። መድኃኒትነትን ከማገዶ፣ ከጣውላና ከንብ ቀሰም ጋር በአንድ ተርታ ማስቀመጡም ለዓላማው ትክክል ነው፤ ደን የሚተክል ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ይህንኑ የዝርዝር ሥርዓት ሕክምናን እናጠናለን የሚሉ ጽሑፎች ሲወርሱት ነው። እንዲህ ዓይነት ጽሑፎች በየዩኒቨርሲቲዎቻችን በብዛት ይወጣሉ። አብዛኞቹ የሚከፈቱት ከሕዝባችን 80 ከመቶው በባህል ሕክምና ይገለገላል በሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱ ጽሑፍ ከሌላው ይወስደዋል እንጂ ማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደቆጠረ አይነግሩንም። ከዚያ ሰንጠረዡ ይከተላል። ቅርፊቱ ለዚህ፣ ቅጠሉ ለዚያ ይላል። ስንት እጅ ቅርፊት በስንት ውኃ? ለስንት ቀን? ለማን አይሰጥም? መልስ የለም። እኔ የማዝዘውን አሞክሲሲሊን «ለሳል፤ ክኒኑ ይዋጣል» ብዬ ብጽፍ ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ይመልስልኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የበሽታ ስሞች ትርጉም ነው። አንድ የመድኃኒት አዋቂ «ለውጋት ነው» ሲል ጠያቂው ሳንባ ምች ብሎ ይመዘግባል። «ለጨብጥ» ሲባል በጎኖኮከስ የሚመጣው በሽታ ሆኖ ይጻፋል። ጨብጥ በገጠሩ አነጋገር ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥልን ሁሉ፣ የፊኛ ጠጠርንና የፕሮስቴት ማበጥን ሳይቀር ሊያካትት እንደሚችል በተመላላሽ ክፍል የተቀመጠ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ምችን የሚተካ የሕክምና ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እንዲህ የተተረጎመው ዝርዝር በኋላ በቁጥር ተደምሮ «ይህ ተክል በብዙ መረጃ ሰጪዎች ለዚህ በሽታ ተጠቅሷል» ሲባል፣ የተደመረው የተለያየ ሕመም ሊሆን ይችላል። ስምምነቱ በቃሉ ላይ ነው፤ በበሽታው ላይ ስለ መሆኑ ማረጋገጫ የለንም።

የጥቁር እንጨት ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ቅርፊቱን ለፕሮስቴት የሚሸጡ ድርጅቶች ጽሑፍ፣ በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ለሽማግሌዎች የሽንት ችግር ይጠቀሙበት እንደነበር ይተርካል። የእጽዋት መዛግብት ስለ ዙሉዎች የሚነግሩን ግን ለደረትና ለጎን ሕመም፣ በእኛ አነጋገር ለውጋት፣ መጠቀማቸውን ነው። በካሜሩን ለትኩሳት፣ ለሆድ ሕመምና ለሌላም ብዙ ነገር ያውሉታል። ዛፉን የፕሮስቴት መድኃኒት ያደረገው ዣክ ደባ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1966 በቅርፊቱ ጭማቂ ላይ ያስመዘገበው የፈጠራ መብት ነው። ይህን የምለው የባህል ዕውቀትን ለማሳነስ አይደለም። ለገበያ ሲባል አያቶች ያልተናገሩትን በአፋቸው ማስቀመጥ ግን እነርሱንም ማክበር አይደለም። ልጁ «ለሽንት ፍቱን ነው ብለውን ነው» ሲለኝ፣ ምክሩ ከአያት የወረደ ይሁን ከአውሮፓ ዞሮ የተመለሰ ወሬ፣ እርሱም እኔም አላወቅንም።

ሁለተኛው የጽሑፍ ዓይነት የክሊኒካዊ ጥናቶች ግምገማ ነው። ዋነኛው የኮክሬን ግምገማ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው እትሙ በዕጣ የተመደቡ 18 ሙከራዎችንና 1562 ወንዶችን ያካትታል። ጭማቂውን የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ አጠቃላይ መሻሻል የማሳየት ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ሌሊት ለሽንት መነሣት በ19 ከመቶ፣ ከሸኑ በኋላ በፊኛ የሚቀረው ሽንት በ24 ከመቶ ቀንሷል፤ ከፍተኛው የሽንት ፍሰት በ23 ከመቶ ጨምሯል። የጎንዮሽ ጉዳቱም ቀላል ነበር። በጥድፊያ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ገምጋሚዎቹ ግን ሐቀኞች ናቸው፤ ድክመቱን አልሸሸጉም። ሙከራዎቹ በአማካይ 64 ቀን ብቻ የቆዩ ናቸው። የዕጣው አመዳደብ ከመርማሪዎቹ እንዴት እንደተሰወረ የገለጸው አንዱ ብቻ ነው። እኛ ከምናዝዛቸው እንደ አልፋ ብሎከር ካሉ መድኃኒቶች ጋር ያነጻጸረው አንድም የለም። የፕሮስቴት ማበጥ ምልክት ደግሞ አንዳንድ ወራት የሚብስ፣ አንዳንድ ወራት የሚቀል ነው፤ ባዶ ክኒንም ብዙዎችን ያሻሽላል። ሁለት ወር ለእንዲህ ያለ በሽታ ምን ያህል ነው?

እዚህ ላይ የአንድ ሌላ ተክል ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ሶው ፓልሜቶ የሚባለው የአሜሪካ ዘንባባ ፍሬ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በተመሳሳይ ግምገማ ተመሳሳይ ምስጋና አግኝቶ ነበር። በኋላ በ225 ወንዶች ላይ አንድ ዓመት የፈጀ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ከባዶ ክኒን የተለየ ጥቅም አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው፣ በ369 ወንዶች ላይ መጠኑ እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ እየተደረገ የተካሄደው ሙከራም ያንኑ ደገመ። የኮክሬን ግምገማውም መደምደሚያውን ለወጠ። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ይህን በመሰለ ረጅም ሙከራ አላለፈም። ያልተፈተነ ነው እንጂ ወድቋል አልልም፤ ልዩነቱን ለሕመምተኛ ማስረዳት ግን ከባድ ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም ምርቱን የተቀበለው ለረጅም ጊዜ በአገልግሎት ላይ በመቆየቱ እንጂ ፈዋሽነቱ በክሊኒካዊ ጥናት ስለተረጋገጠ አይደለም፤ ያውም ሐኪም አስቀድሞ ከባድ በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠ ብቻ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው። ያ ዓይነት ሐረግ በዝርዝሮቻችን ውስጥ የለም።

ሁለቱን የጽሑፍ ዓይነቶች አጣምሮ የሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ ስሕተት ይጠብቀዋል። የተጠናው ነገር እኚያ አባት ይጠጡት የነበረው ነገር አይደለም። በሙከራዎቹ የተሰጠው የቅርፊቱ ስብ ነክ ክፍል በክሎሮፎርም ተስቦ የወጣበት ጭማቂ ነው። ይሠራሉ ተብለው የሚገመቱት እንደ ቤታ ሲቶስቴሮል ያሉ ስቴሮሎች፣ ትራይተርፒኖችና የፌሩሊክ አሲድ ኤስተሮች በውኃ በደንብ አይሟሙም። ውኃ ታኒኑንና ሌላውን ያወጣል፤ መራራውና የሚያጨማድደው ጣዕም የዚያ ነው። በኤጀንሲው ሰነድ መሠረት አንድ ክፍል ጭማቂ የሚገኘው ከ114 እስከ 222 ክፍል ከሚሆን ቅርፊት ነው። የተለመደው 100 ሚሊግራም የቀን መጠን እንግዲህ ከ11 እስከ 22 ግራም ቅርፊት ይፈልጋል ማለት ነው። በክብደት ካየነው አንድ እፍኝ ቅርፊት የሚያፈላ ሰው ከዚህ አይርቅም። ከእፍኙ ወደ ጀበናው የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። «ሳይንስ አረጋግጦታል» እያሉ ቅርፊት የሚሸጡ ሰዎች፣ እንዲሁም ያንኑ የሚያስተጋቡ አንዳንድ የጤና ዓምዶች፣ ይህን ልዩነት አይጠቅሱም።

ስሌቱን ወደ ዛፉ ስናዞረው ሦስተኛው የጽሑፍ ዓይነት ይመጣል፤ እኛ ሐኪሞች ከሁሉ ያነሰ የምናነበው እርሱን ነው። አንድ ሰው ጭማቂውን ዓመቱን ሙሉ ቢወስድ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ግራም ቅርፊት ይጨርሳል። በሺህ የሚቆጠሩ የአውሮፓ ሽማግሌዎች ለዓመታት ሲወስዱት የደረሰውን ከኒንግሃምና ምቤንኩም እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ካሜሩን ባወጡት ዘገባ ጽፈዋል። ይህን ዘገባ ለሕክምና ተማሪዎች ንባብነት ብመርጥ ደስ ይለኛል፤ አንድ ክኒን ከየት እንደሚመጣ ግንድ ድረስ ወርዶ የሚያሳይ ጽሑፍ ብዙ አላየሁም። ጥቁር እንጨት ከብዙ ዛፎች በተለየ ቅርፊቱ ሲነሣ መልሶ ማልበስ ይችላል። የቀድሞው ደንብ ከግንዱ ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ብቻ ተነሥቶ ቀሪው እንዲተውና ዛፉ ለዓመታት እንዲያርፍ ያዝዝ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለብዙ ነጋዴዎች ፈቃድ ሲሰጥ ደንቡ ወረቀት ላይ ቀረ። ግንዱ ዙሪያውን ተላጠ፤ አንዳንዱም ቅርፊቱ እስከ ቅርንጫፉ እንዲገፈፍ ተቆረጠ። ዛፉ ፍሬ ለመስጠት ከአሥር ዓመት በላይ የሚፈልግ፣ ዘሩም ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ መተካቱ ዘገምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚገባውን ቅርፊት አገደ፤ በኋላ በኮታ ተመለሰ።

በዘገባው ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ስለ ሕመምተኛው አንድ ቃል የለውም። ዛፉ ለማን፣ ለምን ያህል ጥቅም እንደሚላጥ አይጠይቅም፤ የኮክሬን ግምገማ በበኩሉ ስለ ዛፉ አያነሣም። ጥቅሙ ያልተረጋገጠ መድኃኒት ከሆነ የዛፉ ሞት ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ፍቱን ከሆነ ደግሞ መትከል ግዴታ ይሆናል። ሁለቱን ሰነዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጡ ይህን ጥያቄ ማንሣት እንኳ አይቻልም።

የእኛ ሕግጋትም ከዚህ የራቁ አይደሉም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ የጠቀሳቸው ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ነበሩ፤ ጥቁር እንጨት ከእነርሱ መካከል አልነበረም። አዋጁ ከተሻረ ቆይቷል። የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ጥሩ ሐሳብ ይዟል፤ ዕውቀቱን የሰጠው ማኅበረሰብ ከጥቅሙ እንዲጋራ ያዛል። ነገር ግን ዕውቀቱ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ጽሑፍ ከላይ ያየነው ሰንጠረዥ ከሆነ፣ መጠኑና አዘገጃጀቱ ያልተጻፈበት ዕውቀት እንዴት ይጠበቃል? ኮሶን እናስታውስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ፋርማኮፒያዎች የገባው ሴቴ አበባው ተለይቶ፣ የሚወሰድበት ሁኔታና መጠን በዝርዝር ተጽፎ ስለነበር ነው። ያን ያወቁት ደግሞ ከእኛው ሰዎች ነው። አያቶቻችን በኮሶ ረገድ የነበራቸው ጥንቃቄ፣ መቼ እንደሚጠጣ፣ ማን እንደማይጠጣው፣ ጠጪው ምን ሳይበላ እንደሚቆይ፣ ከዛሬዎቹ ሰንጠረዦች ይበልጣል።

ስለዚህ ተመራማሪዎቻችን የባህል መድኃኒት ሲመዘግቡ የበሽታውን ስም መረጃ ሰጪው በተናገረበት ቋንቋ እንዳለ እንዲተዉት እጠይቃለሁ። ትርጉሙ ካስፈለገ ሐኪም አብሮ ይቀመጥ፤ ቢቻል ሕመምተኛውም ይታይ። በሐኪሞች በኩል ደግሞ ጥፋቱ የእኔም ነው። ክኒን ብዬ ጠየቅኩ፤ ስለ ክኒን ተመለሰልኝ። አሁን «ጧት ጧት የሚጠጡት፣ የሚቀቡት፣ የሚታጠኑት ነገር አለ?» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ አለ። ቅርፊት እየጠጡ ሽንታቸው የተሻለላቸውን አባት ከመገሠጽ ይልቅ የጣት ምርመራ ማድረግ፣ የሚቻልበት ቦታ ፒኤስኤ ማሠራት፣ የኩላሊታቸውን ሁኔታ ማየት አሥር ደቂቃና ጥቂት ገንዘብ የሚፈልግ ነገር ነው። መሻሻላቸውን በካርዱ ላይ መጻፍም ተገቢ ነው፤ አንድ ቀን ረጅሙ ሙከራ በአገራችን ቢካሄድ እንዲህ ያለ መዝገብ ይጠቅማል።

ልጁ ቅርፊቱን ትቶልኝ ሄዶ ነበር። ለአንድ የእጽዋት ተመራማሪ ወዳጄ አሳየሁት። በደረቅ ቅርፊት ብቻ ጥቁር እንጨት ነው ብሎ መማል እንደማይቻል፣ በዚህ ስም በገበያ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዛፍ እንዳይደለ፣ ቅጠልና ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ይዤ ብመጣ እንደሚለይልኝ ነገረኝ። ለልጁ ስልክ ደውዬ ቅርንጫፍ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ዛፉ በደብራቸው አጥር ጥግ የቆመ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። የሽንት ሕመም ያለበት ሁሉ ከየቀበሌው እየመጣ ከግንዱ ስለላጠ ዙሪያውን ተራቁቶ ባለፈው በጋ ደርቋል፤ ቅጠል የለውም አለኝ።